ንጹህ ነው ያለው ሰው

በዚያ ጋራዥ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚጠራው አልነበረም። አፍንጫ ነበር የሚሉት። ትንንሾቹ «ጋሽ አፍንጫ»፣ እኩዮቹ «አፍንጫው»፣ ባለጋራዡ ደግሞ ሲናደድ «አንተ አፍንጫ!» ብሎ ይጮህና ራሱ መልሶ ይስቃል። ሌላ ቦታ ሰው ሲናደድ «አፍንጫህን ላስ» ብሎ ይገላገላል፤ እዚያ ግቢ ግን ይህን ስድብ መሳደብ የማይቻል ሆኖ ነበር፣ ሁሉም ዞሮ እሱን ያያላ!

ስሙን በከንቱ አላገኘውም። ከዓመታት በፊት አንድ የቤት መኪና ወለሉ ዝጎ ሊበየድ ሲል፣ ይህ ሰው ከግቢው ማዶ እጁን እየታጠበ «አቁም! ቤንዚን ይሸተኛል!» ብሎ ጮኸ። ሳቁበት። ቤንዚን የማይሸትበት ጋራዥ የት አለና! እሱ ግን እጁ ሳሙና እንደሆነ ሮጦ መጥቶ የኋላውን መቀመጫ ነቀለው፤ ከሥሩ ባለቤቱ የረሳት አንዲት ክዳኗ የላላ ጀሪካን ተጋድማ ወለሉን አርጥባዋለች። ሳቁ ቆመ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋራዡ አንድ ደንብ አወጣ። የትም አልተጻፈም፣ ማንም ግን አይጥሰውም። መኪና ሊበየድ ሲል የአየር መጭመቂያው ይጠፋል፣ የሚሠራ ሞተር ሁሉ ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፣ እሱ ጎንበስ ብሎ መኪናውን ይዞራል። ጎንበስ የሚለው ለወግ አይደለም፤ የቤንዚን ትነት እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፣ ከባድ ነው፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሳበው። ዞሮ ሲጨርስ ቀና ብሎ «ንጹህ ነው» ይላል። ያቺ ቃል ሳትወጣ ክብሪት የሚጭር ሰው እዚያ ግቢ አልተፈጠረም።

እንግዲህ ማሽተት ያቆመው ይሄ ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሰባት ወር በፊት ነው። ክፉ ጉንፋን አሥራ አንድ ቀን አልጋ ላይ ጣለው። ተሽሎት በተነሳ ሰሞን፣ ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ ብቻውን በሚኖርበት ቤት፣ ድንች ጥዶ ሳሎን ገብቶ የተበላሸ ሬዲዮ ይፈታታል። በሩ ሊገነጠል እስኪደርስ ሲደበደብ ተነስቶ ከፈተ። ጎረቤቱ ሴትዮ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን ልታነደው ነው እንዴ? ሰፈሩ ሁሉ ሸቶታል እኮ!» አለችው። ማድ ቤት ሲገቡ ድንቹ ከሰል ሆኗል። ጭሱ ዓይኑን አስለቀሰው፤ ሽታ ግን የለም። ሴትዮዋ ስትወጣለት ሳሙና አነሳ፣ ሽንኩርት ቆረጠ፣ በመጨረሻም ከሥራ ቱታው ኪስ ቤንዚን የነካ ጨርቅ አውጥቶ አፍንጫው ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረው። ባዶ። ጨርቁን ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ሐኪሙ «ሊመለስ ይችላል» አለው። ቀጥሎም «ላይመለስም ይችላል» ብሎ ጨመረበት። ይሄንንማ እኔም አላጣሁት እያለ፣ እየተበሳጨ ወጣ።

ለማን ይናገር? ጉልበቱ ደክሟል፤ መኪና ሥር ከገባ ለመውጣት እጁን የሚስበው ሰው ይፈልጋል። አዳዲሶቹን መኪኖች ልጆቹ ኮምፒውተር ሰክተው በአምስት ደቂቃ በሽታቸውን ያነቧቸዋል፤ እሱ የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የሚጻፈውን እንኳ ያለ መነጽር አያይም። ባለጋራዡ «አንተ እኮ ማረፍ አለብህ» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል፣ ማረፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ሁለቱም ያውቁታል። የቀረችው ነገር ያቺ አፍንጫ ነበረች። እሷም ሄደች ቢል ነገ ጠዋት ተነስቶ ወዴት ይሄዳል? ፈራ። በቃ፣ ሌላ ስም የለውም፣ ፈራ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

ዝም አለ እንጂ አልተኛም። በአፍንጫው ያጣውን በዓይኑና በእጁ ሊሞላው ተነሳ። ድሮ አንዴ የሚያየውን ሦስቴ ያያል፤ ድሮ የማይጠርገውን ይጠርጋል፤ ቱቦ ሁሉ ሥር ጣቱን ሰዶ እርጥበት ይፈልጋል። ልጆቹ «ጋሽ አፍንጫ ጥንቃቄው ባሰበት፣ አረጀ መሰለኝ» እያሉ ይሳሳቁበታል። ሰባት ወር ሙሉ ደንቡ በሚያዘው መሠረት ጎንበስ ብሎ ዞረ፣ ሰባት ወር ሙሉ «ንጹህ ነው» አለ፣ ተመስገን ነው፣ ንጹህ ሆኖ ተገኘ።

የሚበይደው ደግሞ ባዳ አይደለም፤ የእህቱ ባል ነው። እህቱን እናታቸው ስትሞት ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። ጸጉሯን እየጎነጎነ ትምህርት ቤት ይልካታል፤ ጉንጉኑ ጠማማ ስለሚሆንበት ልጆች ይስቁባታል፣ እሷ ግን አንድም ቀን «አልፈልግም» ብላው አታውቅም። የዳራትም እሱ ነው። ባሏ ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እሳት ይዞ የሚሮጥ ዓይነት ያልሆነ ሰው ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። አማቹን «ጋሼ» ሳይል አይጠራውም፣ «እርስዎ» ሳይል አያናግረውም፤ ምሳ ሲቀርብ እንኳ ጋሼ ሳይጀምር እጁን አይሰድም። ጥሩ አስተዳደግ ይሉታል። አዎ፣ ጥሩ አስተዳደግ!

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሾፌር ፒክአፑን እየነዳ መጣ፣ ነዳ ከተባለ። መኪናዋ ከሾፌሩ በኩር ልጅ ትበልጣለች፤ ጡብ ስትሸከም ኖራ ወገቧ ጎብጧል። የቤንዚን ታንኩን ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ የብረት አጽም ጋር የሚይዘው ብረት ተሰንጥቆ ታንኩ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል፣ ሰውዬው ደግሞ በሽቦ ጠፍሮታል።

«ይሄን ምንድን ነው የያዘው?» አለ አፍንጫ ጎንበስ ብሎ አይቶ።

«ሽቦ ነው ጋሼ። ሽቦና ጸሎት።»

«ሽቦውማ በስብሷል። እስከዚህ በጸሎት ነው የነዳኸው።»

ሥራው ግልጽ ነው፤ ታንኩ ይወርዳል፣ የተሰነጠቀው ይበየዳል፣ ታንኩ ይመለሳል። ታንኩ እንዲወርድ ግን የነዳጅ መስመሩ መፈታት አለበት፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አሮጌ ናት ብሎ ይንቃታል። ቁልፉን ይዞ ይገባና ማሰሪያውን ሲፈታው ቤንዚኑ ፊቱ ላይ ይተፋበታል። ይቺ ፒክአፕ ብታረጅም ነዳጇን የሚገፋላት ታንኩ ውስጥ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ መስመሩ ውስጥ ግፊቱ ታፍኖ ይቆያል። ያንን ግፊት መጀመሪያ ማስተንፈስ ያስፈልጋል።

አፍንጫ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፣ ይሄን ማንም አይክደውም። መጀመሪያ መኪናዋን እስክትቀዘቅዝ ሁለት ሰዓት አቆማት፤ የጋለ የጭስ ማውጫ አጠገብ ቤንዚን አይፈታም። ሁለቱንም የጋራዡን በሮች አስከፈተ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ የሌሎቹንም ሰበሰበ። የእሳት ማጥፊያውንና የአሸዋውን ባልዲ አስጠጋ። ከዚያ የፊውዙን ሳጥን ከፈተ፤ ጽሑፉ ጠፍቷል፣ የፓምፑን ፊውዝ በግምት ሳይሆን አንድ በአንድ እየነቀለ በመሞከር አገኘው።

«አስነሳ» አለው ሾፌሩን።

ሞተሩ ተነሳ፣ መስመሩ ውስጥ የቀረችውን ነዳጅ ጠጣ፣ አሳለ፣ ሞተ።

«ድገም።»

ክርር፣ ክርር። ምንም።

«በቃ፣ ቁልፉን አውጣና ወደዚያ ራቅ በል።»

ቀጥሎ ባትሪው። ኔጋቲቩን ፈታ፣ ጫፉን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ጎን አጠፈው። የታንኩን ክዳን ከፍቶ አስተነፈሰው። መነጽሩን አድርጎ፣ ካርቶን አንጥፎ፣ በጀርባው ከሥሯ ገባ። በሽቦ የሚንጠለጠለውን አምፖል አንድ ልጅ ሊያቀብለው ሲል «ይሄ ቢሰበር ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? የእጅ ባትሪውን አምጣ» ብሎ መለሰው። ከነዳጅ ማጣሪያው ሥር ሳፋ አኖረ፤ ማሰሪያውን በጨርቅ ሸፈነው፤ አንዱን ቁልፍ ማጣሪያው እንዳይዞር መያዣ፣ ሌላውን መፍቻ አደረገ፤ ሩብ ዙር ፈታና ጠበቀ። ጨርቁ ሥር «ፊስ» የምትል ትንፋሽ ወጣች፣ ጨርቁ ረጠበ፣ ቆመች። ቀስ ብሎ ጨረሰው። የቱቦውን ጫፍ ወደ ጣሳ አዘነበለ፣ እስኪንጠፈጠፍ ጠበቀ፣ በጎማ ውታፍ ወትፎ አሰረው። ትርፉን ነዳጅ ወደ ታንኩ የሚመልሰውን ሌላውን ቀጭን መስመርም ከታንኩ ላይ ፈትቶ እንዲሁ ወተፈው። ታንኩን በእጅ ፓምፕ ወደ ጀሪካን አራገፉት፣ ለአራት አውርደው ከግቢው ጀርባ አጥሩ ሥር ወሰዱት።

እዚህ ድረስ አንድም የጎደለ ነገር የለም። ማንም መሐንዲስ ቢመጣ እንዲህ አድርጎ ነው የሚሠራው።

የጎደለው ዓይን የማያየው ነው። ያ ቀጭን የመመለሻ መስመር ወደ ፊት፣ ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ ሻንሲውን ተሻግሮ የሚያልፍበት ቦታ ላይ አንድ ስንዝር የምታህል የጎማ ቁራጭ አለችው። ጎማዋ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች፤ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሏት ነበር። ቱቦው ሲነቃነቅ ፕላስተሩ ለቀቀ። መስመሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ጠብ ጠብ እያለ፣ ወለሉ ላይ ሳይሆን ሻንሲው አናት ላይ ባለች ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ ወረደ። ሻንሲው ከውጭ ሲያዩት ድፍን ይመስላል፣ ውስጡ ግን እንደ ሳጥን ባዶ ነው። የወረደችው ግማሽ ብርጭቆ ብትሆን ነው። አፍንጫ ከታች ሆኖ ጣቱን ሁሉም ቦታ ሰደደ፣ ሁሉም ቦታ ደረቅ ነበር።

መጭመቂያው ጠፋ። ሞተሮቹ ጠፉ። ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ዝም አለ። አፍንጫ ጎንበስ ብሎ መዞር ጀመረ፤ በያጁ ደግሞ መሣሪያውን ይዞ የተሰነጠቀው ብረት አጠገብ በርከክ ብሏል። በዚያ ጸጥታ መሐል፣ የግቢውን ደንብ የማያውቀው ሾፌር ከበሩ አጠገብ ሆኖ፣

«ይቅርታ፣ ቤንዚን ቤንዚን አይሸታችሁም?» አለ።

ግቢው በሳቅ ተናጋ።

«ለቀባሪው አረዱት!» አለ አንዱ።

«አንተ፣ ለማን እያወራህ እንደሆነ ታውቃለህ?» አለ ባለጋራዡ እንባውን እየጠረገ። «እሱ እኮ አፍንጫ ነው!»

ሾፌሩ አፍሮ ፈገግ አለ። አፍንጫ ግን አልሳቀም። ሰውዬው አፍንጫ አለው፣ የሚሠራ አፍንጫ። ሰውዬው ይሸተኛል ካለ ይሸተዋል። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ መጥታ ቆመች፤ «እኔ አይሸተኝም፣ ሌላ ሰው ይምጣ» ማለት ብቻ ነው፤ ስድስት ቃል አትሞላም። ዙሪያውን አየ። ልጆቹ አሉ። ባለጋራዡ አለ። ሁሉም እየሳቁ እሱን ያዩታል፣ እንደ ትልቅ ሰው። እግሩ ሥር ማሰሪያውን የሸፈነበት እርጥብ ጨርቅ ወድቆ አየ።

«ይሄ ነው» አለ ጨርቁን አንስቶ። «ይሄ ጨርቅ ነው የሸተተህ።» በበሩ አሻግሮ ወደ ውጭ ወረወረው።

በያጁ ቀና ብሎ አየው። «ጋሼ፣ ትንሽ ብንቆይ?» አለ ዝግ ብሎ።

«ምን ትቆያለህ?» አለ ባለጋራዡ። «ጨርቁ ወጣ አይደል? ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቀ ነው።»

በያጁ ወደ ባለጋራዡ አልዞረም። ጋሼን ነበር የሚያየው።

«ንጹህ ነው» አለ አፍንጫ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በያጁ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ፣ ለኮሰ፣ ነበልባሉን አሳጥሮ ብረቱ ላይ ያዘው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ብረቱ ቀላ፣ ልጆቹ ወደየሥራቸው መበተን ጀመሩ፣ አፍንጫም ትንፋሹን ለቀቀ። ከዚያ ሻንሲው ውስጥ አንድ ነገር «ቡፍ» አለ፣ ትልቅ ብርድ ልብስ ሲራገፍ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ፣ እሳቱም በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ሁሉ ወጣ። ከቀዳዳዎቹ አንዱ ከበያጁ ፊት አንድ ክንድ አይርቅም።

አፍንጫ እግሩን ይዞ ጎተተው። ጉልበቴ ደከመ ሲል የኖረ ሰው ያንን ረጅም ሰው እንደ ጆንያ እየጎተተ ግቢው መሐል አደረሰው፣ ደረቱ ላይ የተያያዘውን ልብስ በባዶ እጁ እየመታ አጠፋው። ልጆቹ በአሸዋና በማጥፊያ መኪናዋን ተረባረቡባት። በያጁ አልጮኸም። ቁጭ ብሎ፣ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆኖ፣ ዓይኑን መክፈት ሳይችል እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ፈለገ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደህና ነዎት?» አለ።

በያጁ ሆስፒታል ገብቶ ስድስት ቀን ቆየ። ሚስቱ ኮሪደር ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ አፍንጫም የተጠቀለለ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። በነዚያ ስድስት ቀናት አሥር ቃል የተነጋገሩ እንደሆነ ነው። እሱ በየጠዋቱ «ዛሬ እነግራታለሁ» እያለ ይመጣል፤ ፊቷን ሲያይ ይውጠዋል። በስድስተኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነርሷ ወጥታ ወደ ውስጥ ጠራቻቸው። ሲገቡ በያጁ አርፎ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ባለጋራዡ ወደ ጎን ወሰደው።

«የሚመረምሩት ሰዎች መጥተው ነበር» አለው። «የጋዙ ጎማ ነው ብያቸዋለሁ። የራሱ የመበየጃው ጎማ አርጅቶ፣ ጋዝ ሾልኮ። ሾፌሩ ሸተተኝ ያለውም እሱን ነው ብያለሁ።»

«ጎማውማ አዲስ ነበር።»

«አፍንጫው፣ ስማኝ። እሱ ሞቷል፣ ከእንግዲህ ምን ይጎዳዋል? ላንተም ለእኔም ይሄ ይሻላል። ደግሞ አንተ ንጹህ ነው ካልክ ንጹህ ነው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ተሳስተህ ታውቃለህ?»

ያ ጎማ አዲስ እንደነበር አፍንጫ ከማንም በላይ ያውቃል፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት ሲገጠም ማሰሪያውን የያዘው እሱ ነው። የተቃጠለችው ፒክአፕ ሥር ገብቶም ያቺን የተሰነጠቀች የጎማ ቁራጭ በዓይኑ አይቷታል፤ ከሰል ሆና ሻንሲው ላይ ተጣብቃለች። ይሄን ሁሉ እያወቀ አንገቱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ነው እንግዲህ። በሕይወቱ ከሠራው ነገር ሁሉ ያቺን የአንገት መነቅነቅ ያህል የሚያንገሸግሸው የለም፤ «ንጹህ ነው» ያለውን እንኳ በፍርሃት ነው ያለው፣ ይሄን ግን ረጋ ብሎ አስቦ ነው ያደረገው።

ወሬ እግር አለው። ከሦስት ቀን በኋላ እህቱ ቤት ሲመጣ ወሬው ቀድሞት ገብቶ ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ሊያጽናኑ የመጡ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጎማው አርጅቶ ነበር አሉ»፣ «እሳት ይዞ የሚሠራ ሰው የራሱን ዕቃ እንዴት አያይም»፣ «አይ፣ ቸልተኝነት እኮ ነው፣ ለልጁ እንኳ ባያስብ» ይባባላሉ። ክፋት አይደለም፤ ሰው ሞት ሲያይ ምክንያት ካላገኘለት እንቅልፍ አይወስደውም። ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማለች። አጎቷን ስታየው መጥታ ደህነኛ እጁን ያዘችው።

«ጋሼ፣ አባዬ ጎማውን መቀየር ረስቶ ነው?»

ጭንቅላቷን ዳበሰና ወደ ማድ ቤቱ አለፈ። እህቱ ለብቻዋ ብርጭቆ ታጥባለች። በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገው።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አለ። «ከነገርኩሽ በኋላ ከቤትሽ ውጣ ብትይኝም እወጣለሁ።»

አልዞረችም። የቧንቧው ውሃ እየወረደ ነው።

«ጎማው አይደለም። ቤንዚን ነው። ሻንሲው ውስጥ ቤንዚን ነበረ፣ እኔ ነኝ ንጹህ ነው ያልኩት። አልሸተተኝም። ካመመኝ ጊዜ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። ሰባት ወር ሙሉ ስዋሽ ነው የኖርኩት። ሾፌሩ ሸተተኝ ሲል አውቄያለሁ፣ እያወቅኩ ነው ያልኩት። ባልሽን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠችው። ቧንቧውን ዘጋችው። እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ግን አሁንም ፊቷን አልመለሰችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«እንደማይሸትህ። ከአምስት ወር በፊት እዚህ የመጣህ እሁድ ቁምሳጥኑ ኋላ አይጥ ሞታ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ቤቱ አያስገባም ነበር። እኛ ሦስታችንም አፍንጫችንን ይዘን ስንሸሽ አንተ እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለህ ሻይህን ጠጣህ። ተያየን።» ፊቷን ሳትመልስ ቀጠለች። «የዚያን ዕለት አንተ ስትሄድ ‹ለጋሼ ልነግራቸው ነው፣ ይሄ የሚቀለድበት ነገር አይደለም› አለኝ። እኔ ነኝ ተው ያልኩት። ወንድሜን እንዳታሳፍርብኝ አልኩት። ያሳደገኝ ሰው ነው፣ ያለችው ያቺ ቦታው ናት፣ አንተ አጠገቡ ሆነህ አሽትትለት አልኩት። እና እሺ አለ። አንተ ስትዞር እሱ ጎንበስ ብሎ የሚያሸተው ለዚያ ነበር። አምስት ወር ሙሉ።»

አፍንጫ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ያቺ እሁድ ትዝ አለችው፤ ሻዩም።

«ታዲያ የዚያን ቀን...»

«ሰኞ ጉንፋን ያዘው። ማክሰኞ ጠዋት አፍንጫዬ ተደፍኗል፣ ምንም አይሸተኝም አለኝ። ዛሬ ከሥራ ቅር አልኩት። ‹ካልሆነ ትንሽ እንቆይ እላቸዋለሁ› አለኝ። ‹ለብቻቸው ካገኘኋቸውም እነግራቸዋለሁ፤ ሰው ፊት ግን አልችልም›።» አሁን ዞረች። «እኔም ሰው ፊትማ አትንገረው አልኩት። ይሄን ብዬ ነው የሸኘሁት። ስድስት ቀን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ አጠገብህ የተቀመጥኩት፣ ታውቂ ነበር ብለህ እስክትጮህብኝ ስጠብቅ ነው።»

ሊመታ የመጣ ሰው መቺ አጣ። እሱ አንድ ስድብ፣ አንድ ጥፊ፣ አንድ «ውጣ» ፈልጎ ነበር የመጣው፤ እሷ ደግሞ ያንኑ ከእሱ ትፈልጋለች። ምን ይባላል እንዲህ ያለው? አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይላሉ፤ ሁለቱም እዚያች ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ቆመው፣ ሳይተቃቀፉ፣ ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ። ማዘን ብቻ አልነበረም፤ ቁጣም ነበረበት፣ በሟቹም ጭምር። ምነው አንድ ቀን አፉን ቢከፍት!

«ነገ ለመርማሪዎቹ ሄጄ እናገራለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ተናገር። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።» ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። «መጀመሪያ ግን ልጅቷ። አባቷ ቸልተኛ ነበር ሲሏት ነው የምትውለው።»

በሩን ከፍታ ጠራቻት። ልጅቷ መጣች፣ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው፣ ያለቀሱ መሆኑን አወቀች። እናቷ በርጩማ ስባ አስቀመጠቻት።

«አባትሽ ምንም አልረሳም» አለቻት። «ጎማው አዲስ ነበር። የሆነውን ጋሼ ይነግርሻል። ከዚያ እኔም የምነግርሽ አለኝ።»

አፍንጫ ጉልበቱ እየጮኸ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኗ ከዓይኑ እኩል እንዲሆን። ከየት እንደሚጀምር አላወቀም።

«እኔ ማሽተት አልችልም» አለ።

«ምንም?»

«ምንም። ከታመምኩ ጊዜ ጀምሮ። እና ሾፌሩ ቤንዚን ሸተተኝ እያለ፣ የለም ብዬ ለአባትሽ ነገርኩት።»

ልጅቷ አሰበች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ ለመቆጣት ገና አልደረሰችበትም፤ መጀመሪያ ነገሩ እንዲገባት ነው የፈለገችው።

«እናንተ ታውቁ ነበር? እማዬም?»

«አውቅ ነበር» አለች እናቷ።

«አባዬም?»

«እሱም።»

«ታዲያ ለምን አንዳችሁ አትናገሩም ነበር?»

እህትና ወንድም ተያዩ። ሳሎን ያሉት ሰዎች ድምፅ ይሰማል፣ ወንበር ይንቀሳቀሳል፣ አንዱ ያስላል።

«እኔ አፍሬ ነው» አለ እሱ። «እነሱም እኔን እንዳያሳፍሩ ብለው።»

ልጅቷ ሌላ ነገር ይጨምራል ብላ ጠበቀች። ሲቆይባት ጊዜ፣

«ለዚህ ብቻ?» አለች።

«ለዚህ ብቻ» አላት።